በዚህ ግቢ ስንት ጉልቻ አለ?



ስለ ወረርሽኝ ንግግር አድርግ ስባል መጀመሪያ አመንትቼ ነበር፤ ሐኪም አይደለሁምና ስለ ቫይረሱ የምነግራችሁ የለኝም። ትንሽ የማውቀው ሌላ ነገር ነው፤ ብርና ዱቄት ከመንግሥት ካዝና ተነሥቶ የተቸገረ ሰው ደጃፍ እስኪደርስ በየት በየት እንደሚያልፍ፣ የትስ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር። ይህንንም ከወረቀት ብቻ አልተማርኩትም። በ2012 ዓ.ም. የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩ። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ የስም ዝርዝር እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። ዛሬ የምላችሁ ሁሉ የመጣው ከዚያ ዝርዝር ነው፤ በወረርሽኝ ቀን እርዳታ የሚደርሰው ወረርሽኙ ከመምጣቱ በፊት ለታወቀ ሰው ነው።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእነዚያ ሳምንታት ከተማችን ምን እንደመሰለች ታስታውሳላችሁ። በየሱቁ ደጃፍ ባለ ቧንቧ ጀሪካን ተቀመጠ። ሰው ለሰላምታ የዘረጋውን እጁን መልሶ ይሰበስብ ነበር። ታክሲው ግማሽ ሰው እንዲጭን ታዘዘና ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ለደመወዝተኛ ይህ የወጪ ጉዳይ ነው። ከሰፈሩ ማልዶ ተነሥቶ ግንባታ ለግንባታ ሥራ ለሚፈልግ የቀን ሠራተኛ ግን የታክሲው እጥፍ ማለት የምሳው ገንዘብ ነው። ያ ሁሉ ሆኖ ደግሞ በየስልኩ ጥሪ ላይ «ቤት ይቆዩ» ይባላል። ቤት መቆየት ቤት ውስጥ የሚበላ ላለው ሰው የተሰጠ ምክር ነው።

ከኮሮና በፊትም እኛ ወረርሽኝ አይተናል። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲመታ ከተማዋ ውስጥ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ እንኳ በጠና ታመው ድነዋል፤ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸውም አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ሰው እንደሞተ አስፍረዋል። ታላላቆቻችን ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ የሚደጋግሙት ስለ ትኩሳቱ አይደለም። ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተኝቶ ውሃ የሚያቀብል ስለጠፋበት ቤት ነው። ከዚያ መከራ የወረስነው ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጨስን ነው፤ ዛሬም በየዓመቱ ከተማው ይታጠናል። ጽዳቱን ለልጅ ልጅ አስተላለፍን። ታማሚው ቤት ውሃና እህል የሚያደርስ ሥርዓት ግን ከዚያ ጊዜ አልተወለደም።

አሁን ወደ 2012 ልመለስ። መንግሥት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። ብሔራዊ ባንክ ለግል ባንኮች 15 ቢሊዮን ብር አቀረበ። በሚያዝያ መጨረሻ እስከ 2007 ዓ.ም. የተከማቸ የግብር ዕዳ ተሰረዘ፤ ከ2008 እስከ 2011 ባለው ዕዳ ላይ የተቆለለው ወለድና ቅጣት ምሕረት ተደረገለት። ሥራ ቆሞባቸው እያለ ሠራተኛቸውን ሳይበትኑ ደመወዝ ለከፈሉ ድርጅቶች ከደመወዝ የሚቆረጠው የአራት ወር ግብር ተተወላቸው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት 411 ሚሊዮን ዶላር የአስቸኳይ ጊዜ ብድር ፈቀደ። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ ደንብ አሠሪ ሠራተኛውን እንዳያሰናብት፣ አከራይም ተከራዩን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከለከለ። እነዚህ እርምጃዎች ብዙ ድርጅቶችን ከመዘጋት፣ ብዙ ቤተሰቦችንም ጎዳና ላይ ከመውደቅ አድነዋል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን አንድ በአንድ አንሥታችሁ እዩአቸው። ባንክ የሚያበድረው የንግድ ፈቃድና ማስያዣ ላለው ነው። ግብር የሚማርለት ግብር ከፋይ ተብሎ የተመዘገበ ነው። የደመወዝ ግብር የሚተውለት የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ያለው ነው። አሠሪ አያሰናብት የሚለው ክልከላስ? ደንቡ የቆመው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ላይ ነው። በ2011 የወጣው ያ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ የቤት ሠራተኛን ከነጭራሹ አይጨምርም። እንግዲህ በአዲስ አበባ በየቤቱ ልጅ የምታሳድገው፣ ወጥ የምትሠራው፣ ልብስ የምታጥበው ሴት በመጋቢት ወር «በሽታ ታመጪብናለሽ፣ ለጊዜው አትምጪ» ስትባል በዚህ አዋጅ የሚጠብቃት አንድ አንቀጽ አልነበረም። ጉሊት የምትቸረችረው፣ ሊስትሮው፣ ወያላው፣ ተሸካሚው፣ መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው ሁሉ ከእሷ ጋር ናቸው። ከተማዋ በእነዚህ ሰዎች እጅ ትበላለች፣ ትለብሳለች፤ እነሱ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የሉም።

ለእነሱ የቀረላቸው የወገን ደግነት ነበር። «ማዕድ ማጋራት» የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። አዲስ አበባ ላይ የምግብ ባንክ ተቋቋመ። የኪራይ ቤት ባለቤቶች የወር ኪራይ ማሩ። ይህን ደግነት ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም፤ እኔም ዓይኔ እያየ ሰው በሰው ድኗል። ግን ደግነት የሚያየው ዓይኑ ሥር ያለውን ነው፤ ከዓይን ደግሞ ጎረቤትም ቢሆን ሊርቅ ይችላል።

የእድራችንን ነገር የምነግራችሁ ለዚህ ነው። ሚያዝያ ላይ ዱቄትና ዘይት ሊከፋፈል ነው፣ የተቸገሩትን ሰዎች ዝርዝር አዘጋጁ ተባልን። ኮሚቴው ድንኳኑና ድስቱ በሚቀመጥበት ቤት ተራርቀን ተሰበሰብን። እኔ ትልቁን ባሕር መዝገብ ዘረጋሁ። የእድሩ ዳኛ ስም ይጠራሉ፣ እኛ እንመክራለን። እማማ እገሊት ጧሪ የላቸውም፤ ይጻፉ። አቶ እገሌ ጡረታቸው ትንሽ ናት፤ ይጻፉ። ሰላሳ አንድ ስም ጻፍኩ። በሐቀኝነት የተሠራ ዝርዝር ነበር፤ ዘመድ አልተጠቀመም፣ አድልዎ አልተደረገም።

በማከፋፈያው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በሩ አጠገብ ቆመች። ሰልፉ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። ሁሉም ከሄደ በኋላ ቀረብ ብላ፣ «ጋሼ፣ የእኔ ስም የሚጻፈው የት ነው?» አለችኝ። ልብስ አጥባ የምታድር ናት። በአንድ አባላችን ግቢ ጓሮ ያለ ሰርቪስ ክፍል ተከራይታ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። በመዝገባችን ያ ግቢ አንድ ስም ነው፤ የባለቤቱ ስም። እሷ የመግቢያውንና የወሩን መዋጮ ስላልቻለች የእድሩ አባል አይደለችም። ከወረዳው የነዋሪነት መታወቂያም የላትም፤ መሸኛ ከትውልድ ቀበሌዋ ማምጣት ነበረባትና። በሳምንት የምታጥብላቸው አራት ቤቶች ነበሩ። አራቱም በአንድ ሳምንት ውስጥ አትምጪ ብለዋታል።

ከአራቱ አንዱ የእኔ ቤት ነበር።

የማውቀው የመጀመሪያ ስሟን ብቻ ነበር። እቤቴ ለአራት ዓመት ገብታ ወጥታለች፤ ዝርዝሩን ስጽፍ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለችኝም። የድሃን መዝገብ ስናዘጋጅ ያሰብነው መዝገባችን ውስጥ ያለውን ድሃ ነበር። እንግዲህ ሕዝብ በፈቃዱ ያቆመው እድር ይህን ያህል ቀዳዳ ካለው፣ ከላይ ሆኖ የሚያየው መንግሥት ምን ያህል እንደሚያመልጠው አስቡት።

ይህን ቀዳዳ መድፈን ይቻላል? ይቻላል፤ ምስክሩም ከገጠራችን ነው። ከ1997 ዓ.ም. በፊት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ ልመና ይወጣ ነበር፤ እህሉ ሲደርስ ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል። በዚያ ዓመት የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነገሩን ገለበጠው። የምግብ እጥረት በየዓመቱ የሚደጋገምባቸው ወረዳዎች አስቀድመው ታወቁ። ቤተሰቦቹ በቀበሌ ኮሚቴ ተለይተው ስማቸው በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ቅር ያለው ሰው አቤት የሚልበት ኮሚቴም አለ። በየዓመቱ ወደ 8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ጉልበት ያለው ሠርቶ፣ የሌለው ሳይሠራ ብር ወይም እህል ያገኛል።

ኮሮና ሲመጣ ይህ ሥርዓት ተፈተነ። ተመራማሪዎች በ2011 ነሐሴ አካባቢ በአካል ያነጋገሯቸውን የገጠር ቤተሰቦች በ2012 ሰኔ ላይ በስልክ መልሰው አገኟቸው። ባጠቃላይ የምግብ ዋስትና ያጡ ቤተሰቦች ድርሻ በ11.7 ነጥብ ከመቶ ጨምሮ ነበር። በሴፍቲኔት የታቀፉት ዘንድ ግን ጭማሪው 2.4 ብቻ ሆነ። እነዚህ ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው የባሱ ድሆች ናቸው፤ ለዚህም ነው የተመረጡት። አንድም ሰው በመጋቢት ወር ሮጦ ማን ተቸገረ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ስማቸው ከዓመታት በፊት ተጽፎ፣ ተነብቦ፣ ክርክር ተደርጎበት አልቋል። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ የተሰማኝን ደስታ አልደብቃችሁም፤ በእኛው አገር፣ በእኛው ቀበሌ፣ በእኛው ሰው እጅ የተሠራ ነገር ነውና።

በከተማም ጅምር ነበር። የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 አዲስ አበባን፣ ድሬዳዋን፣ አዳማን፣ ደሴን፣ ሐዋሳን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል። ማለዳ ሰደርያ ለብሰው መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ታውቋቸዋላችሁ። ወረርሽኙ ሲገባ ከሥራው አርፈው የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ እንዲሰጣቸው ተደረገ። እነሱ ቤት ቆዩ ሲባሉ የሚቆዩበት ነገር ነበራቸው። ችግሩ ሌላው ሰው ከዝርዝሩ ውጭ መሆኑ ነበር። ለመመዝገብም የወረዳው ነዋሪነት ያስፈልግ ነበር፤ ከገጠር መጥቶ ሰርቪስ ክፍል የተከራየው ሰው እዚህም ላይ ይወድቅ ነበር።

የእኛ አዋጅ በታወጀበት በዚያው ቀን፣ መጋቢት 30፣ ቶጎ «ኖቪሲ» የተባለ እርዳታ ጀመረች። ቃሉ በኤዌ ቋንቋ መተባበር ማለት ነው። አገሪቱ በየካቲት የፕሬዚዳንት ምርጫ ስላካሄደች የመራጮች መዝገቧ ገና ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ በዚያ መዝገብ ላይ ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ሥራና ሰፈር ተጽፏል። በዋና ከተማዋ በሎሜ ያለች አንዲት ጉሊት ነጋዴ ተራ የቁልፍ ስልኳን አንሥታ *855# ትደውልና የመራጭ ካርድ ቁጥሯን ታስገባ ነበር፤ ሥራዋና ሰፈሯ ከተጣራ ገንዘቡ እዚያው ስልኳ ላይ ይገባላት ነበር። ለሴት በወር 12,250፣ ለወንድ 10,500 የሴፋ ፍራንክ፤ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ ሲሶ ያህል መሆኑ ነው። ከ500 ሺህ በላይ ሰው ተከፈለው። ካርድ ያልነበረው ቀርቷል፤ ይህን ጉድለቱን አልሸፍንም። ግን ከእኛ ያልበለጠ ሀብት ያላት አገር መደበኛ ሥራ ለሌለው ሰው በቀናት ውስጥ ብር ማድረስ መቻሏን እያየን፣ አቅም የለንም ብለን ብቻ ማለፍ ይከብደኛል።

ሀብት ብቻውን እንደማያድንም አሜሪካ አሳይታለች። መጋቢት 18 ቀን 2012 የ2.2 ትሪሊዮን ዶላር ሕግ ወጣ። ግብሩን አስቀድሞ ያሳወቀና የባንክ ቁጥሩን የሰጠ ሰው 1,200 ዶላር በሳምንታት ውስጥ ገባለት። በዋሽንግተንና በአካባቢው ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን ግን የራሳቸው ተቀጣሪ ስለሆኑ በነባሩ የሥራ አጥ መድን አይታወቁም ነበር። ሕጉ ለእነሱም በር ከፈተ፤ ይሁንና ክፍለ ግዛቶቹ አዲስ የማመልከቻ መቀበያ እስኪሠሩ ሳምንታት አለፉ። የኒው ጀርሲ ገዥ ያረጀውን የኮምፒውተር ሥርዓት የሚጠግን፣ ኮቦል የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ በአደባባይ እስከመጠየቅ ደርሰው ነበር። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ስደተኛ ደግሞ ከቼኩ ውጭ ሆነ።

ዛሬ እኛ በ2012 ያልነበሩን መሣሪያዎች አሉን። ቴሌብር የመጣው ከመጀመሪያው ሕመምተኛ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ዘግይቶ፣ በግንቦት 2013 ነው። የፋይዳ መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕግ ሆኗል። መንገዱ ተሠራ ማለት ነው። ግን ፋይዳ አንድ ሰው መኖሩን እንጂ ነገ ሥራው ቢቆም ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል አይናገርም። ጎረቤታችን ኬንያ በሰሜን አራት ደረቅ አውራጃዎች፣ በቱርካና፣ ማርሳቢት፣ ማንዴራና ዋጂር፣ ያደረገችው ይህንን ክፍተት የሚሞላ ነው። መደበኛ ድጎማ የሚያገኘውን ብቻ ሳይሆን በአውራጃዎቹ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ መዘገበች፤ አብዛኛውም የባንክ ሂሳብ ተከፈተለት። የሳተላይት መለኪያ ግጦሹ መድረቁን ሲያሳይ ድጎማ የማያገኘውም ቤተሰብ ለጊዜው ይከፈለዋል። ማን፣ መቼ፣ ስንት የሚለው ጥያቄ መከራው ከመድረሱ በፊት ተመልሷል። ለከተሞቻችን የምመኘው ይህን ነው፦ የተከራዩን ክፍል የሚቆጥር መዝገብ፣ መክፈያው መቼ እንደሚከፈት አስቀድሞ የሚወስን ሕግ፣ ለዚያ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ። በጥቅምት 2013 ጦርነት ገባና ስለ ወረርሽኙ መነጋገራችንን ሳንጨርስ ሌላ መከራ ያዘን። ያቋረጥነውን ንግግር እንድንቀጥለው ነው ዛሬ የመጣሁት።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሳልመልስ አላልፈውም። በዚህ አገር ስም መጻፍ ያስፈራል። በደርግ ዘመን የቀበሌው መዝገብ ስኳርና ሳሙና በራሽን ያድል ነበር፤ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ሲፈለግም የሚገለጠው ያው መዝገብ ነበር። ያንን ያየ ወላጅ ዛሬም ደብተር የያዘ ሰው በር ሲያንኳኳ «እኛ ብቻ ነን» ቢል አልፈርድበትም። አከራዩም የኪራይ ግብር መጣብኝ ብሎ ተከራዩን ይደብቃል። ለእርዳታ የተጻፈ ስም ለግብርም፣ ለፖሊስም፣ ለካድሬም እንዳይሰጥ በሕግ ካልታጠረ ሰው ይሸሻል፤ የሸሸውም በወረርሽኙ ቀን ይራባል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ፣ ቁጥር 1321/2016፣ መነሻ ይሆናል። ሕጉን ሰው የሚያምነው ግን መዝጋቢው የሚታወቅ የሰፈር ሰው ሲሆንና አንዴም ቃሉን ሳያፈርስ ሲቀር ነው።

ይህንን የተማርነው በእድራችን የሁለተኛ ዙር ምዝገባ ነው። ያቺ ሴት ከመጣች በኋላ በዚያው ቀን ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ። ባሕር መዝገቡን ዘጋነውና ባዶ ደብተር ይዘን በር ለበር ወጣን። መጀመሪያ «ስንት አባወራ አለ?» ብለን ጠየቅን፤ በየግቢው «አንድ» ይሉናል። ሦስት በር ካንኳኳን በኋላ አንዲት የኮሚቴያችን እናት፣ «እንደሱ አይጠየቅም፣ ለእኔ ተዉት» አሉን። በሚቀጥለው በር ላይ፣ «እንደምን ዋላችሁ፤ በዚህ ግቢ ስንት ጉልቻ አለ?» አሉ።

የግቢው ባለቤት ዝም አሉና ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ። የእሳቸው ኩሽና አንድ። ከበሩ አጠገብ የሁለት ወንድማማች ሊስትሮዎች ክፍል፣ የከሰል ምድጃ አላቸው፣ ሁለት። አዲስ የተጋቡት ባልና ሚስት፣ ሦስት። ጓሮ ያለችው ልብስ አጣቢ፣ አራት። የግንባታ ዘበኛው በቡታ ጋዝ የሚያበስልባት የቆርቆሮ ቤት፣ አምስት። በመዝገባችን አንድ ስም የነበረው ግቢ ይህ ነው።

ጓሮ ዞርኩ። በሯ ላይ ተቀምጣ የሽሮ እህል እየለቀመች ነበር፤ ስታየኝ ተነሣች። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ምንም አላለችም። ደብተሩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የማውቀውን ስሟን ጻፍኩ። ዝቅ ብላ አየችውና፣ «የአባቴንም ይጨምሩበት» አለችኝ፤ ቀስ ብላ ፊደል በፊደል ነገረችኝ።